ግሬስ ፍራየር፦ ብሩሽ በከንፈሯ ስታሾል የተመረዘችው ልጅ

የአዋሬ ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አንዲት ልጅ ልጽፍላችሁ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ብላኛለች። ስሟ ግሬስ ፍራየር ነው። እኔ አሁን የምኖርበት አካባቢ ልጅ ናት። ኒው ጀርሲ፣ ኦሬንጅ ከተማ፣ በ1899 ተወለደች። ወሮቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አባቷ የአናጢዎች ማኅበር ተወካይ ነበር። በ1917 ሚያዝያ ላይ አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባች፤ ወንድሞቿ ዘመቱ። እሷ 18 ዓመቷ ነው። በዚያው ሰሞን እዚያው ከተማዋ ውስጥ ካለ የራዲየም ፋብሪካ ተቀጠረች። ራዲየም ጨረር የሚያወጣ ብረት ነው።

ሥራው የወታደር ሰዓትና የአውሮፕላን መሣሪያ ፊት ላይ ያሉትን ቁጥሮች በጨለማ በሚያበራ ቀለም መቀባት ነው። ቀለሙ ራዲየምና ዚንክ ሰልፋይድ ነው፣ በውሃና በሙጫ የተለወሰ። ልጆቹ ራሳቸው ዱቄቱን በትንሽ ዕቃ ይበጠብጡታል። ብሩሹ በጣም ቀጭን ነው። ጥቂት ከቀቡበት በኋላ ጫፉ ይበተናል፣ መስመሩም ይበላሻል። ስለዚህ ወደ ከንፈር ወስዶ ማሾል ነው። ከዚያ ቀለም ውስጥ መንከር፣ ከዚያ መቀባት። ደግሞ ወደ ከንፈር። ሥራውን ሲያስተምሯቸው እንደዚህ ብለው ነው ያስተማሯቸው።

በቀን እስከ 250 የሰዓት ፊት ይቀባሉ። ለአንዱ አንድ ሳንቲም ተኩል ገደማ ይከፈላቸዋል። በሠሩት ልክ ስለሆነ እጃቸው አያርፍም። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ጥሩ ገንዘብ ነበር። እህት እህቷን፣ ጎረቤት ጎረቤቷን እየጠራች አስገባች።

ዱቄቱ ፀጉራቸውና ልብሳቸው ላይ ያርፋል። ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ ጨለማው ውስጥ ያበራሉ። ጭፈራ ያለባት ልጅ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ሥራ ትገባ ነበር፣ እንዲያበራላት። ጥፍራቸውን የሚቀቡም ነበሩ፣ ጥርሳቸውንም። ግሬስ ኋላ ላይ ስትናገር፣ ተናፍጣ መሐረቧን ስታየው በጨለማ ያበራ ነበር ብላለች።

ልጆቹ የሚፈሩበት ምክንያት አልነበራቸውም። ራዲየም ያን ጊዜ መድኃኒት ነው ይባላል፤ ጉልበት ይሰጣል ተብሎ በውሃ ውስጥ ተጨምሮ ይሸጣል። ግን እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ኬሚስቶቹ ራዲየሙን የሚነኩት በመቆንጠጫ፣ ከእርሳስ መከላከያ ጀርባ ሆነው ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ! ይህን ሳነብ አንጀቴ አረረ።

አንድ ቀን ቀለሙን የፈለሰፈው ዶክተር ሳቢን ፎን ሶኾትስኪ በግሬስ አጠገብ ሲያልፍ ብሩሹን አፏ ላይ አየ። «እንደዚያ አታድርጊ፤ ትታመሚያለሽ» አላት። አለቃዋን ሄዳ ጠየቀቻት። ምንም አይደለም፣ ሥራሽን ሥሪ ተባለች። ሠራች።

በ1920 ፋብሪካውን ለቅቃ ባንክ ገባች። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ጥርሷ ይነቃነቅ ጀመር። ወለቀ። መንጋጋዋ መግል ያዘ። የቀረውን ነገ እጽፋለሁ፤ አሁን ወደ ሥራ መሄድ አለብኝ፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ።

ሰዓት ሠሪው፣ ረቡዕ ጠዋት

ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። እኔ ፒያሳ ሰዓት በመጠገን ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። አርባ ዓመት አልፎኛል። የጻፍሽውን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ።

በእኛ ጊዜ የድሮ ሰዓት ብዙ ይመጣ ነበር፤ በጨለማ የሚያበራ የሚባለው። አባቶች ከጦር ሜዳ ያመጡት፣ ከውጭ በስጦታ የመጣላቸው። ቁጥሩ ላይ ያለው ቀለም ይቢጫል፣ ከዚያ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ ይፈረፈራል። እኛ ምን እናደርግ ነበር? በምላጭ ፍቀን፣ እፍ ብለን ነበር የምናነሳው። እፍ! ማን ነግሮን።

እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ሦስት አራት አሉኝ። አሁን አያበሩም። ታዲያ መርዙ አልቆ ነው ማለት ነው?

ነርስ ከሜሪላንድ፣ ረቡዕ ጠዋት

ጋሼ ሰዓት ሠሪው፣ ኧረ አልቆ አይደለም! እባክዎ አይክፈቷቸው። የሚያረጀው ዚንክ ሰልፋይዱ ነው፤ ብርሃኑን የሚሰጠው እሱ ነው፣ ጨረሩ ሲመታው ሲመታው ያረጃል። ራዲየሙ ግን እንዳለ ነው። ግማሹ እስኪያልቅ እንኳ 1600 ዓመት ይፈጃል። ግሬስ የቀባችው ሰዓት ዛሬ ቢገኝ ያለው ራዲየም ያኔ ከነበረው እምብዛም አልጎደለም።

ሰዓቱ ተዘግቶ፣ መስታወቱ ሳይሰበር ከተቀመጠ ብዙም አያስፈራም። የሚያስፈራው ዱቄቱን መሳብና መዋጥ ነው። መሳቢያውንም ሲከፍቱ መስኮት ይክፈቱ፤ ራዲየም ራዶን የሚባል ጋዝ ያወጣል። እስካሁን የፋቁት እያሰቡ አይጨነቁ፣ ግን ለሐኪምዎ ይንገሩት። ወጣቶቹንም ይንገሯቸው፣ እፍ እንዳይሉ።

ለምን መንጋጋ ላይ ጀመረ ለምትሉ፦ ሰውነት ራዲየምን ከካልሲየም አይለየውም። ወተት ጠጥተን የምናገኘውን ካልሲየም ወደ አጥንት እንደሚወስደው ሁሉ ራዲየሙንም ወስዶ አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። እዚያ ተቀምጦ አጥንቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ ቀንም ሌሊትም። ልጆቹ አንድ ጥርስ ሲነቀልላቸው ቁስሉ አይድንም፣ ቀጥሎ ያለው ይታመማል፣ እሱም ይነቀላል፣ መጨረሻ መንጋጋው ራሱ ይሰበራል።

እኔ ኤክስሬይ ክፍል ስገባ ደረቴ ላይ ትንሽ ባጅ አደርጋለሁ። ምን ያህል ጨረር እንዳገኘኝ ይለካል። ዛሬ ጠዋት ስሰካው ቆም ብዬ አየሁት።

የአዋሬ ልጅ፣ ረቡዕ ማታ

ነርሷ፣ እንዴት ጥሩ አድርገሽ ገለጽሽው። ጋሼ፣ እግዜር ይጠብቅዎት።

ወደ ግሬስ ልመለስ። ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ዞረች። በኤክስሬይ መንጋጋዋም የጀርባ አጥንቷም መበላቱ ታየ። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም። በ1925 ነው አንድ ሐኪም የድሮ ሥራሽ ሳይሆን አይቀርም ያላት።

እዚህ ላይ አንድ ሰው መጣ። ፍሬድሪክ ፍሊን ይባላል፣ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ። መረመራትና ጤናሽ ከእኔ ይበልጣል አላት። አብሮት የነበረው ሰውም ተስማማ። በኋላ ሲጣራ ፍሊን የሕክምና ዶክተር አይደለም፤ ገንዘብ የሚከፍለውም ኩባንያው ነው። አብሮት የነበረው ደግሞ ከኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንቶች አንዱ ነው። ልጅቷ ልብሷን አውልቃ ሰውነቷን ያሳየችው ለእነዚህ ሰዎች ነው። እስቲ አስቡት።

የሥራ ባልደረባዋ የሞሊ ማጂያ ደግሞ ይብሳል። በ1922 ስትሞት ገና 24 ዓመቷ ነው። የጥርስ ሐኪሟ የታችኛው መንጋጋዋን ሲነካው እጁ ላይ ነው የቀረው። የሞት ወረቀቷ ላይ ቂጥኝ ተብሎ ተጻፈ። ቤተሰቦቿ ያንን ወረቀት ይዘው አምስት ዓመት ኖሩ። በ1927 አስከሬኗ ተቆፍሮ ወጣ። አጥንቷን በጨለማ ውስጥ ከኤክስሬይ ፊልም ጋር አስቀመጡት፣ ፊልሙን ጨረሩ መታው። ቂጥኝ አልተገኘባትም። አምስት ዓመት መቃብር ውስጥ ሆና እውነቱን አጥንቷ ተናገረላት።

ግሬስ ጠበቃ ስትፈልግ ሁለት ዓመት ፈጀባት። ኩባንያውን ለመክሰስ የሚደፍር ጠፋ። ሬይመንድ ቤሪ የሚባል ወጣት የኒውአርክ ጠበቃ ተቀበላትና በግንቦት 1927 ክሱ ተከፈተ። ሌሎች አራት ሴቶች ተቀላቀሏት፦ ኤድና ሐስማን፣ ካትሪን ሾብ፣ ኩዊንታ ማክዶናልድ፣ አልቢና ላሪስ። ኩዊንታና አልቢና የሞሊ እህቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው 250,000 ዶላር ጠየቁ።

የሕግ ተማሪ፣ ረቡዕ ማታ

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ጉዳይ እኛ ክፍል ውስጥ ተነስቶ ስንከራከርበት አምሽተናል። የኩባንያው ዋና መከላከያ ይርጋ ነው። በዚያ ጊዜ በኒው ጀርሲ ሕግ ለእንዲህ ያለ ጉዳት ክስ ማቅረቢያው ሁለት ዓመት ነው። ከመቼ ጀምሮ? ከተጎዳችበት ቀን። ግሬስ በ1920 ሥራ ለቀቀች። ስለዚህ እስከ 1922 መክሰስ ነበረባት። በ1922 ደግሞ ገና ጥርሷ መነቃነቅ መጀመሩ ነው! መርዙ አምስት ዓመት ተደብቆ ይሠራል፣ ሕጉ ሁለት ዓመት ይጠብቃል።

ቤሪ ያቀረበው መልስ በጣም ነው የገረመኝ። ጉዳቱ አላበቃም አለ። ራዲየሙ ዛሬም አጥንታቸው ውስጥ ነው፣ ዛሬም እየጎዳቸው ነው፤ በየደቂቃው አዲስ ጉዳት ነው፤ ታዲያ ይርጋው ከየት ይጀምራል?

በ1949 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሊካ በሚባል የአሸዋ አቧራ ሳንባው የተጎዳ የባቡር ሠራተኛ ጉዳይ ሲያይ፣ በሽታው ሳይታወቀው ጊዜህ አልፏል ሊባል አይገባም ብሎ ወሰነ። ግሬስ ይህን ለማየት አልታደለችም።

ብሩክታዊት፣ ሐሙስ ጠዋት

በጣም ያሳዝናል። ግን አንድ ነገር ልበል፣ እንዳትቆጡኝ። ያ ዘመን ሳይንሱ ገና ነው። ራዲየምን ያገኘችው ማዳም ማሪ ኩሪ ራሷ በእጇ ትነካው ነበር። በዛሬ ዓይን ሆነን ኩባንያውን ወንጀለኛ ማለት ፍትሐዊ ነው ወይ? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

የአዋሬ ልጅ፣ ሐሙስ ጠዋት

ብሩክታዊት፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። እኔም መጀመሪያ እንደ አንቺ አስቤ ነበር። 1917 ላይ ቆመን ብንፈርድ እሺ እላለሁ።

1924 ላይ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዓመት ኩባንያው ራሱ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲውን ተመራማሪ ሴሲል ድሪንከር ቀጥሮ ፋብሪካውን አስመረመረ። ድሪንከር የሠራተኞቹን ደም አየ፣ የሁሉም ማለት ይቻላል ትክክል አይደለም። በጨለማ ክፍል ሲያያቸው ፊታቸው፣ እጃቸው፣ አንገታቸው ያበራል። የውስጥ ልብሳቸው ሳይቀር። ጥንቃቄ ይደረግ ብሎ ሪፖርት ጻፈ። ኩባንያው ሪፖርቱን ያዘው። ለክፍለ ግዛቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት የላከው ሁሉም ልጆች ፍጹም ጤነኞች ናቸው የሚል ወረቀት ነው፣ በድሪንከር ስም። ይህን ያጋለጠችው አሊስ ሐሚልተን የምትባል የሐርቫርድ ሐኪም ናት። ድሪንከርም ሲያውቅ ትክክለኛውን በ1925 አሳተመው።

በዚያው ዓመት ኦሬንጅ ከተማ ያለችበት የኤሴክስ ካውንቲ ሐኪም ሐሪሰን ማርትላንድ የልጆቹን ትንፋሽ ለካ። ትንፋሻቸው ውስጥ ራዶን አለ። በሕይወት ያለ ሰው ትንፋሽ! ፈልሳፊውን ሶኾትስኪንም ለካው፣ እሱ ከልጆቹ በለጠ። እሱም በ1928 ሞተ። እንደ እኔ አለማወቅ ያበቃው 1924 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መደበቅ ነው።

ብሩክታዊት፣ ሐሙስ ጠዋት

የሪፖርቱን ነገር አላውቅም ነበር። ተቀብያለሁ። ስለ ማስረዳትሽ አመሰግናለሁ።

ከቤይሩት የተመለስኩ፣ ሐሙስ ከሰዓት

እኔ ብዙ አልጽፍም፣ አንባቢ ነኝ። ግን «ምንም አይደለም፣ ሥራሽን ሥሪ» የሚለው ቦታ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ሰው ቤት ስሠራ በረኪናና የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ቀላቅይ ተብዬ ቀላቀልኩ። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። ቢጫ ጭስ መሰለ፣ ጉሮሮዬን አነቀኝ፣ ተንፏቅቄ ወጣሁ። እመቤቲቱን ብነግራት ምንም አይደለም፣ ሽታው ነው አለችኝ። ተመልሼ ገባሁ። ምን ላድርግ? እናቴ ብር ትጠብቃለች። አሁን ደረጃ ስወጣ ደረቴ ያፏጫል። እህቶቼ፣ ሁለቱን አትቀላቅሉ። ማንም ቢያዛችሁ።

ነርስ ከሜሪላንድ፣ ሐሙስ ማታ

እህቴ፣ አይዞሽ። የወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፣ ልክ ነሽ፣ ሳንባ ይጎዳል። አዲስ አበባ ከሆንሽ የሳንባ ሐኪም ጋር ሄደሽ የትንፋሽ ምርመራ እንዲሠሩልሽ ጠይቂ። ያኔ ምን እንደቀላቀልሽ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ በዝርዝር ንገሪያቸው። አስም ነው ብለው ብቻ እንዳይመልሱሽ።

የሕግ ተማሪ፣ ሐሙስ ማታ

የፍርድ ቤቱን መጨረሻ ንገሪን እንጂ፣ እህቴ።

የአዋሬ ልጅ፣ ዓርብ ሌሊት

እሺ። ዛሬ ዕረፍት ነኝ፣ ልጨርሰው።

ጥር 1928 ችሎት ቀረቡ። ለመሃላ እጅ አንሱ ሲባል ማንሳት ያቃታቸው ነበሩ። ግሬስ ከአንገቷ እስከ ወገቧ የብረት መደገፊያ ታስራለች፤ የጀርባ አጥንቷን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። መንጋጋዋ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና ባንክ መሥራቷን አላቆመችም። ብረቱን ከቀሚሷ ሥር አድርጋ ሥራ ትገባለች።

ሚያዝያ ላይ ችሎቱ እስከ መስከረም ተቀጠረ። ምክንያቱ የኩባንያው ምስክሮች የፈረንጆቹን በጋ አውሮፓ የሚያሳልፉ መሆናቸው ነው። ሴቶቹ እስከ መስከረም መኖራቸውን እንኳ እርግጠኛ የሚሆን የለም። ይህ ነው አገሩን ያስቆጣው። ዎልተር ሊፕማን የሚባለው ጋዜጠኛ በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ ደጋግሞ ጻፈበት። ወሬው ፓሪስ ደረሰ፣ ማሪ ኩሪም ተጠየቀች። ራዲየም አንዴ ሰውነት ውስጥ ከገባ የሚያጠፋው ነገር የለም አለች። ሴቶቹ ይህን በጋዜጣ ላይ አነበቡት።

ሰኔ ላይ ተስማሙ። ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር በአንዴ፣ በዓመት 600 ዶላር ዕድሜ ልክ፣ የሕክምናና የጠበቃ ወጪ። ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ አላለም።

ለምን ተስማሙ የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም መጀመሪያ ተበሳጭቼ ነበር፤ በሙግቱ ቢገፉና ፍርድ ቢሰጥ ለሌላው ሁሉ በር ይከፈት ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ልፈርድባቸው አልቻልኩም። የሐኪም ዕዳ አለባቸው። ቤታቸውን አስይዘዋል። ዕድሜ ልክ የተባለው ክፍያ ስንት ዓመት እንደሚሆን ያውቁታል።

ኩዊንታ በ1929 ሞተች። ካትሪን በየካቲት 1933። ግሬስ ጥቅምት 27 ቀን 1933 በ34 ዓመቷ። ሐኪሞቹ የሞት ወረቀቷ ላይ በራዲየም የመጣ የአጥንት ካንሰር፣ የሥራ ላይ መመረዝ ብለው ጻፉ። ሞሊን ቂጥኝ ያሉባት ካውንቲ ውስጥ ነው። ለእኔ ግሬስ ያሸነፈችው ትልቁ ነገር ይህ ወረቀት ነው። ስሟን አላቆሸሹትም፣ ምን እንደገደላትም በትክክል ተጻፈ።

ኬሚስት ነኝ፣ ዓርብ ጠዋት

ከግሬስ በኋላ የመጣውንም ላንሳ። በኢሊኖይ ኦታዋ ከተማ ሌላ ኩባንያ ሥር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራ ነበር። ካትሪን ዶናሂው እዚያ ቀቢ ነበረች። በ1938 ምስክርነት ስትሰጥ ራሷን ሳተች፣ ችሎቱ ቤቷ ሄዶ ሶፋ ላይ ተኝታ መሰከረች። በዚያው ሐምሌ በ35 ዓመቷ ሞተች። ግን ተፈረደላት። ኩባንያው ይግባኝ እያለ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፣ በ1939 ጉዳዩን አናይም ተባለ።

እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ የምንከተለው የጨረር መጠን ወሰንም መነሻው እነዚህ ሴቶች ናቸው። በ1941 በአሜሪካ ሰውነት ውስጥ የሚፈቀደው የራዲየም መጠን የተወሰነው ከእነሱ ሰውነት በተገኘ ልኬት ነው፤ የአንድ ግራም አንድ አስር ሚሊዮንኛ። የአቶሚክ ቦምቡ ፕሮጀክት ሠራተኞች ፕሉቶኒየም የሚባለውን ጨረር የሚያወጣ ብረት ሲይዙ የተጠነቀቁትም ከእነሱ ተምረው ነው።

ሰዓት ሠሪው፣ ዓርብ ማታ

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። የሜሪላንዷ ልጄ እንዳለችኝ መስኮቱን ከፍቼ መሳቢያውን አወጣሁት። ሰዓቶቹ አራት ናቸው። ሦስቱን በላስቲክ ጠቅልዬ በቆርቆሮ ሣጥን አስቀመጥኳቸው። ልጄ የት መወገድ እንዳለባቸው ሰኞ እጠይቃለሁ ብሏል።

አራተኛውን አልከፈትኩትም፣ መስታወቱ ደህና ነው። አጉሊ መነጽሬን አድርጌ ከላይ አየሁት። የስዊዝ ሰዓት ነው። እዚያም አገር ብዙ ሴቶች ቤታቸው ሆነው ይቀቡ እንደነበር አሁን ነው የሰማሁት። አርባ ዓመት ሙሉ ማሽን የሠራው ነበር የሚመስለኝ። ማሽን አይደለም። 4 ቁጥር ላይ መስመሩ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ አንድም ቦታ አልወጣም። 7 ቁጥር ላይ ጫፉ ትንሽ ወፈር ብሏል፤ እዚያ ላይ ብሩሹ መበተን ጀምሯል። 8 ላይ እንደገና ቀጭን ነው።